ውሃ የጠጡ ድንጋዮች

«ማንም አላስገደደኝም፣ ጋሼ። ነገሩ እሱ ነው። እጄን ጠምዝዞኝ ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር፤ ሰድቤው እወጣ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ‹እኅቴ፣ አንቺ ነፃ ሰው ነሽ፤ ካልተስማማሽ በሩ ክፍት ነው› አለኝ።»

ሰናይት ይህን ስትለኝ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ እየዘረጋች ነበር። የመጣችው አሥራ ሁለት ሴቶች ልብስ ከሚሰፉበት ቤት ነው፤ ከኔ ግቢ ሦስተኛው ነው። ስድስተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ያኔም ጥያቄ የምትጠይቀው ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነበር። አሁንም የመጣችው የምሳ ሰዓቷ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ነው።

ወረቀቱን አነበብኩት። እሑድ እሑድ ለመሥራት፣ በዓል ሲደርስ አምሽቶ ለመሥራት፣ ስለ ደመወዝ ከሥራ ባልደረቦች ጋር ላለመነጋገር «ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ ፈቃዴ ተስማምቻለሁ» ይላል። ከታች ለፊርማ የተተወ መስመር አለ። አሥራ ሁለቱም ከስፌት ቤቱ ባለቤት አንዳንድ ወረቀት ደርሷቸዋል፤ ለየብቻ ተጠርተው፣ ለየብቻ ሻይ ታዞላቸው። እስከ ነገ ስምንት ሰዓት ያልፈረመች ከነገ ወዲያ እንዳትመጣ ተነግሯል። መጀመሪያ እንድትፈርም የተፈለገችው ሰናይት ናት። ከሁሉም የቆየችው እሷ ስለሆነች ሌሎቹ የሚያዩት እሷን ነው።

«ካልፈረምሽስ?» አልኳት።

«የዚህን ወር የቤት ኪራይ ከየት አመጣለሁ?»

«ከፈረምሽስ?»

«ልጄን በፀሐይ የማያት እሑድ ብቻ ነው፣ ጋሼ። እሱንም ሰጠሁ ማለት ነው።»

«ታዲያ የኔ እዚህ ውስጥ መግባት ምንድን ነው?»

«ጥያቄ አለኝ። ነፃ ነኝ ወይስ አይደለሁም? ሰውየው አልዋሸም። አላሠረኝም፣ በር አልዘጋብኝም። እርስዎ ሲያስተምሩን ነፃ ሰው ማለት ወዶ የሚያደርግ ነው ብለውናል። ደብተራችን ላይ ገልብጠናል።»

ብያለሁ። ሠላሳ ዓመት በጠመኔ ጽፌዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ጡረታ የወጣ ሰው በሩ በተንኳኳ ቁጥር መደንገጥ አለበት።

ውሃ ቀዳሁላት። አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ብርጭቆውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። አልከለከልኳትም።

«ተቀመጪና ስሚኝ» አልኳት።

«አጭር ከሆነ።»

*

አንድ ቦኖ ነበረ። ለአንድ ሰፈር ሙሉ አንድ ቧንቧ። ውሃው የሚመጣው ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ቧንቧው ያስላል፣ ይተነፍሳል፣ ያበቃል። ሰዉ ሥራ አለው፤ ሲነጋጋ ጀምሮ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ድንጋይ ያስቀምጣል። አንድ ድንጋይ በሰልፉ ጫፍ ያኖርና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ድንጋዩ እሱን ሆኖ ይቆማል። ሁሉም የራሱን ድንጋይ ያውቃል፣ የጎረቤቱንም ያውቃል። የሰው ድንጋይ አይነካም። ይህን የጻፈ የለም፤ የሚጠብቀው ዘበኛም የለም። ቆንጆ ሕግ ነበር። አሁንም ቆንጆ ነው እላለሁ፤ ይህን ልብ በይልኝ፣ በኋላ እንዳትከራከሪኝ።

በዚያ ሰፈር ማልዶ የሚነሣ አንድ ሰው ነበረ። አንድ ጠዋት ሁለት ድንጋይ አስቀመጠ፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለታመመ ጎረቤቱ። ጎረቤቱ መረቀው። በሳምንቱ አምስት አስቀመጠ። በወሩ አርባ። አርባ ድንጋይ ያስቀመጠ ሰው አርባ ጀሪካን ውሃ አይጠጣም። ከፊት ያለውን ቦታ ለፈለገ በዋጋ ይለቅለታል። ያልከፈለ አርባ አንደኛ ነው። አርባ አንደኛው ሳይደርሰው ደግሞ ሦስት ሰዓት ይሆናል።

«ሰዉ ዝም አለው?» አለች ሰናይት።

አደነቀው እንጂ። «ጎበዝ ነው» አለ። «እኛ ስንተኛ እሱ ይነሣል» አለ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ቧንቧው የሁላችን፣ ድንጋዩ ከወንዝ የተለቀመ፤ ይሄ ሰው የሚሸጥልን ምኑን ነው?» ብለው ጠየቁ። «ማን ከለከለዎት? እርስዎም አርባ ያስቀምጡ» ተባሉ። ይህ መልስ ሰዉን ጣመው። እውነትም ማንም ማንንም አልከለከለም። እንግዲያው ሁሉም ወንዝ ወርዶ ድንጋይ መረጠ። ቀለም የቀባው አለ። ለድንጋዮቹ ጠባቂ የቀጠረ አለ። ልጃገረድ ሊያጩ የሄዱ ሽማግሎች «ልጁ ስንት ድንጋይ አለው?» ተብለው ይጠየቁ ጀመር። አንድ አባት ሲሞት ልጆቹ በድንጋይ ውርስ ተካሰሱ። ሰልፉ ቦኖውን ትቶ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ድልድዩ ድረስ ወረደ። እስቲ አስቢው፤ የድንጋይ ሰልፍ። ከድንጋዮቹ ጎን ደግሞ ባዶ ጀሪካን ያንጠለጠለ ሰው፤ እንቅልፍ ያጣ፣ ውሃ ያጣ፣ ሃያ ድንጋይ ያለው ሰው።

«እንዲህ ያለ ጅል ሕዝብ የለም» አለች ሰናይት። ግድግዳዬ ላይ ያለውን ሰዓት አየች።

«ገና ነው» አልኳት።

*

በዚያ ሰልፍ ውስጥ አንዲት ልብስ አጣቢ ነበረች። ያላት አንድ ድንጋይ ነው፤ ሁልጊዜም አንድ ነበር። ልጇ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። አራስ ያለችበት ቤት ውሃ የለም። ከትናንት ወዲያ ባዶ ጀሪካን ይዛ ተመልሳለች፤ ትናንትም። በሦስተኛው ጠዋት ቧንቧው ማሳል ሲጀምር ከድልድዩ ተነሥታ የድንጋዮቹን መስመር ተከትላ ወደ ላይ ወጣች። ቦኖው ጋ ስትደርስ ጀሪካኗን ወደ ጎን አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሣች።

ጩኸት ሆነ። ማን እንደ ጮኸ አስተውዪ። ድንጋዩ አልጮኸም። ባለ ድንጋዩም አልጮኸም፤ ቤቱ ቁርሱን እየበላ ነበር። የጮኸው ውሃ ያጣው ሰው ነው። ከሁሉም አብልጦ የጮኸው ደግሞ ባለ ሁለት ድንጋዩ ነው። «የሰው ድንጋይ አይነካም። ሥርዓት አታፍርሺ።»

«ማን ሥርዓት አፈረሰ?» አለች። «ተራው ደርሶ ነው።»

ድንጋዩን ቧንቧው ሥር አስቀመጠችና ከፈተችው።

ውሃው በድንጋዩ ላይ ወረደ፤ ከድንጋዩ ወደ ቦዩ ፈሰሰ። ሴትየዋ እጇን አጣጥፋ ቆመች። አንድ ጀሪካን የሚሞላበትን ያህል ጠበቀችና ዘጋችው። «ይሄኛው ጠጥቷል» ብላ ድንጋዩን ወደ ዳር አደረገች። ሁለተኛውን አነሣች።

ሰዉ ሳቀ። «አበደች» አለ። ሁለተኛው ጠጣ። ሦስተኛውም ጠጣ። አራተኛው ላይ የሚስቅ ጠፋ። አምስተኛው ላይ አንዱ የጎረቤቱን እጅ ይዞ ሰዓት አየ።

«ኧረ እትዬ፣ ውሃው እኮ እያለቀ ነው።»

«ገና ሠላሳ አምስት ይቀራሉ» አለችው። «ተራህን ጠብቅ።»

ይህን ጊዜ ባለ አርባ ድንጋዩ ተጠርቶ፣ ጫማውን በትክክል ሳያጠልቅ፣ እየሮጠ ደረሰ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ድንጋዮችዎን ውሃ እያጠጣሁልዎት።»

«እሱ ውሃ የኔ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ለዚህ አይደል ለድንጋይዎ የሰጠሁት? ለራሴ ጠብታ አልነካሁም። ሰው ይመስክር።»

ምን ይበላት? ሥርዓቱን እንደሷ ያከበረለት ሰው አልነበረም። የሚያግዘው ፍለጋ ዞር ዞር አለ። ሰዉ ግን እሱን አላየም፤ የሚያየው ቦዩን ነው። ውሃው ገለባና የሽንኩርት ልጣጭ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል።

ሰባተኛውን ልታነሣ ስትጎነበስ አንድ የቀን ሠራተኛ ከኋላ መጣ። ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አደረገውና በድንጋዩ ቦታ ራሱ ቆመ። ሁሉም ድንጋዩን አየ። ምንም አልሆነም። እዚያው ዳር ተኝቶ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ሌላ ሰው መጥቶ ከቀን ሠራተኛው ኋላ ቆመ። ከዚያ ሌላ። ጥቂት ቆይቶ የሰው ሰልፍ ሆነ፤ አራስ ያለችበት ቤት ይቅደም ተባለ፤ ሴትየዋ ቀዳች። ለሁሉም አልበቃም፤ እንዲበቃ አድርጌ ብነግርሽ እዋሽሻለሁ። ያልደረሳቸው ከደረሳቸው ተካፈሉ። ባለ አርባ ድንጋዩም ተሰልፎ ነበር፤ ዘጠነኛ ነበር መሰለኝ። ጀሪካኑን ሞልቶ ሄደ። ማንም አልከለከለውም።

*

«ጨረሱ?» አለች ሰናይት። ቦርሳዋን ይዛለች።

«አልጨረስኩም። በማግሥቱ ጠዋት ሰዉ እንደ ድሮው አንዳንድ ድንጋይ አስቀመጠ። ከድንጋዮቹ መካከል ግን ሦስቱ የአንድ ሰው ነበሩ።»

«ያው ሰውዬ ነዋ።»

«አይደለም። እኔ ነኝ።»

ቦርሳዋን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«አዲስ መምህር ነበርኩ። ሸሚዜን የምታጥብልኝ ያቺው ሴትዮ ነበረች። ያን ጠዋት ያደረገችውን ሁሉ ቆሜ አይቻለሁ፤ ከሳቁትም አንዱ እኔ ነበርኩ። በማግሥቱ ደግሞ ባይደርሰኝስ ብዬ ሦስት አስቀመጥኩ። ማንም አላስገደደኝም።»

«ምን አለችዎት?»

«ምንም። አንዱን ትታ ሁለቱን አነሣችና ይዛልኝ ቤቴ መጣች። ‹ረስተዋቸው ነው› አለችኝ። ክፍል ገብቼ ደግሞ ስለ ነፃነት ጻፍኩ።»

ሰናይት ልትስቅ ነበር፤ ተወችው።

«እንግዲህ ያንቺ ጉዳይ» አልኳት። «ይሄ ወረቀት ድንጋይ ነው። ሰውየው አሥራ ሁለት ድንጋይ ደርድሮ ሻይ ያዛል። በሩ ክፍት ነው ማለቱ እውነት ነው፤ ቦኖውም ክፍት ነበር። ብቻሽን ከወጣሽ አርባ አንደኛ ነሽ፤ ነፃነትሽን ይዘሽ ድልድዩ ጋ ትቆሚያለሽ። ከፈረምሽ ደግሞ ነገ ከመካከላችሁ አንዷ እሑድ አልሠራም ስትል የምትጮኺባት አንቺ ነሽ። እሱ አይጮህም። ቁርሱን ይበላል። ወረቀቱን ድንጋይ ያደረገው ፊርማችሁ ነው፣ ለየብቻችሁ የምትፈርሙት። ነፃ አገር ማለት ምንድን ነው ብለሽኝ ከሆነ፣ ማልዶ መነሣት ላልቻለም ውሃ የሚደርስበት ነው። ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ደብተርሽ ላይ ያለውን አጥፊው።»

«ታዲያ ልፈርም አልፈርም?»

«ይሄን ሁሉ ነግሬሽ?»

«ነገሩኝ። አልመለሱልኝም።»

«ሰናይት፣ እኔ ሦስት ድንጋይ ያስቀመጥኩ ሰው ነኝ። እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ልክ ነው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የእርስዎ ጡረታ በየወሩ ይገባል። ድንጋይ አጠጪ ማለት ይቀላል። ሴትየዋ ብትባረር የምትባረረው ከቦኖ ነው፤ እኔ ከቤት ነው የምወጣው። እዚያ ማሽን ላይ ደግሞ አሥራ አንድ የደከማቸው ሴቶች አሉ። ስለ ደመወዝ አትነጋገሩ ከመባላችን በፊትም አንነጋገርም ነበር። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? ከነሱ ትንሽ ይበልጣል የኔ። እንዳያውቁብኝ ነው።»

ይህን አልጠበቅኩም።

«ሁለት ድንጋይ ነው ያለኝ» አለች።

ሰዓቱ ለሰባት አምስት ጉዳይ ይላል። ሰናይት ክፍሌን ዞር ብላ አየች። አልጋውን አየች፣ አግዳሚውን አየች፣ ሦስቱን ወንበሮች አየች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ ለአሥራ ሁለት ሰው መቀመጫ እንደሚቆጥር ሰው።

«እዚህ ከሥራ በኋላ ሰው ይመጣብዎታል?» አለችኝ።

«ማን ይመጣብኛል?»

ብርጭቆውን አነሣች። ወረቀቱ ላይ፣ ለፊርማ ከተተወው መስመር ዝቅ ብሎ፣ ክብ የውሃ ቀለበት ቀርቷል። የቀረውን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠጣች። ብርጭቆውን ቀድሞ የነበረበት ቦታ፣ ቀለበቱ ላይ፣ መልሳ አስቀመጠችና ቦርሳዋን አንግታ ተነሣች።

«ወረቀትሽ ቀረ» አልኳት።

«ተራውን ይጠብቅ» አለች።

በሩ ተዘጋ።