የልብስ ሰፊው ምናሉ ሁለት ቤት

ልቡ ለሁለት የተከፈለ ሰው ሲያዩ የእናቴ አገር ሰዎች የሚሏት አንዲት አባባል አለች። እንዲያው ለጨዋታ የተባለች እንዳትመስላችሁ፤ ያረገዘች ሴት መድረሻ ባጣችበት ቀን የተወለደች ናት። የልጅ ልጆቼ «ቤት እንከራይ ወይስ እንግዛ?» እያሉ ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

ምናሉ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ከሚስቱ ከደብሪቱ ጋር በእትዬ ትጓደድ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ደብሪቱ ወሯ ገብቷል። በዚያው ሰሞን ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት ባሻ ፈለቀ ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ነውና «ቤቴን ግዛኝ» አሉት።

ምናሉን ግራ ገባው። ቄሱን ቢጠይቅ «ግዛ፤ የሰው ቤት ምንጊዜም የሰው ነው» አሉት። የሙያ ጓደኛውን ቢጠይቅ «ተው! ቤት የገዛ ሰው ደመና ባየ ቁጥር ጣሪያውን ያያል። ተከራይ ግን አከራዩን ጠርቶ ይተኛል» አለው። ሁለቱንም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያለ ተመለሰ። ሐሳቡ ሲባክን ለአንድ ኮት ሁለት ግራ እጅጌ ገጠመለት ይባላል።

«እኔ ስለ ጣሪያ አልጠየቅኩህም» አለችው ደብሪቱ። «ልጄ የት ነው የሚወለደው? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«እያሰብኩ ነው።»

«ምጥ ‘እያሰብኩ ነው’ ቢሉት ይጠብቃል?»

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። ገዢ ገባ የሚባለው ድስት የሚጣድባቸውን ሦስቱን ጉልቻዎች ሲተክል ነው፤ ተከራይም ለቀቀ የሚባለው ጉልቻውን ሲነቅል ነው። ከዚያ ወዲያ ቢምሉ ቢገዘቱ ሰሚ የለም።

ባሻ ፈለቀ «እስከ ቅዳሜ ካልተከልክ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አሉ። እትዬ ትጓደድ ደግሞ ወሬው ደርሷቸው፣ «ምነው ልጄ፣ ቤቴ ጠበበህ? ጉልቻህን የነቀልክ ዕለት ሌላ ተከራይ አስገባለሁ፤ ኋላ እንዳትቀየመኝ» አሉት።

ቅዳሜ ጠዋት ምናሉ ፊቱ በርቶ ተነሣ። ከሦስቱ ጉልቻ አንዱን ብቻ ነቀለና ተሸክሞ ወንዙን ተሻገረ፤ ባሻ ቤት ተከለው።

«ማን ነቀልክ ይለኛል? ሁለቱ እዚህ አሉ። ማን አልተከልክም ይለኛል? አንዱ እዚያ አለ» አላት ሲመለስ።

ደብሪቱ አየችው፣ አየችውና «ድስቱስ?» አለች።

«እስክወስን በወንዝ ድንጋይ ደግፊው።»

እስቲ ይታያችሁ! የወንዝ ድንጋይ እሳት እንደማይችል ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ሰኞ ረፋድ ላይ ምጥ መጣ። ጎረቤታቸው አዋላጇ እማማ ዘነቡ ደርሰው ውኃ አስጣዱ። እሳቱ ሲግም ያ የወንዝ ድንጋይ ጧ! ብሎ ፈነዳ። ድስቱ ተዘነበለ፣ ውኃው ተደፋ፣ እሳቱም ጠፋ።

«ሦስተኛው ጉልቻ የት ሄደ?» ብለው ጮኹ እማማ ዘነቡ።

«ባሻ ቤት ነው» አለ ምናሉ።

«ሮጠህ አምጣው!»

«ካመጣሁት ቤቱ ያመልጠኛል እኮ፣ እማማ።»

«እንግዲያው እነዚህን ሁለቱን ወደዚያ ውሰዳቸው፤ እዚያ ትውለድ!»

«እነዚህን ከነቀልኩ ደግሞ ይሄኛው ይሄድብኛል።»

«ኧረ በማርያም!» አለች ደብሪቱ ከውስጥ።

ምናሉ ተደናግጦ ድስቱን አነሣና ውኃ ሞልቶበት ወጣ። ወንዙ ዳር ሲደርስ «ማዶ ያለው አንድ ጉልቻ ነው» ብሎ ተመለሰ። አጥሩ ጋ ሲደርስ «እዚህም ያሉት ሁለት ናቸው» ብሎ እንደገና ወደ ወንዙ ሄደ።

«ምናሉ፣ ውኃ መሸጥ ጀመርክ እንዴ?» አለው አንድ መንገደኛ።

«እያሰብኩ ነው» አለ ምናሉ፤ ላቡ በፊቱ ላይ ይወርዳል።

እሱ ሲመላለስ ሴቶቹ ደብሪቱን በጋቢ ደግፈው እማማ ዘነቡ ቤት አስገቧት። እሱ ይህን አላየም። ፀሐይ ዘወር ስትል ሦስት ጊዜ እልልታ ተሰማ፤ ሴት ልጅ መሆኗ ነው። ምናሉ መንገዱ መሐል ቆመ። ወደ ማዶ ቢያይ ጸጥ ብሏል፤ ወደ ተከራየባት ክፍል ቢያይ በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፣ ሰው የለም።

እማማ ዘነቡ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠራረጉ ከደጃቸው ብቅ አሉ።

«እንኳን ማርያም ማረችልህ። ልጅህ በእኔ ቤት፣ በእኔ ጉልቻ በሞቀ ውኃ ተወልዳለች።»

ምናሉ እንባው መጣ። ድስቱን እንደተሸከመ ቀና ብሎ፣ «እማማ... እንግዲህ ይህን ድስት ወደ የትኛው ቤት ልውሰደው?» አለ።

እማማ ዘነቡ በእልልታው ወደ ተሰበሰቡት ጎረቤቶች ዞር ብለው፣ በሐዘንም በሣቅም እንዲህ አሉ፦ «ጉልቻውን ለሁለት ቤት ያካፈለ፣ ድስት ተሸክሞ ዋለ።»