ብቻውን የደረሰ ማሳ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ «ያገኘሁትን አዲስ የድንች ዘር ለጎረቤት ከማካፈሌ በፊት የራሴን ቤት ብሞላበት ምን ነውር አለው?» ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ ነው። ነውር ነው ብዬ አላስፈራራህም። የዚያን ገበሬ ነገር ስማና ራስህ ፍረድ።

ሰውየው የሚኖረው በአንድ የቆላ ሸለቆ ውስጥ ነበር። የዚያ አገር ሰው ኑሮው ማሽላ ነው። ማሽላ ይዘራል፣ ማሽላ ይበላል፣ አገዳውን ለከብት ይሰጣል፣ ከከብት በተረፈው ቤቱን ይከድናል። የፀሐዩን ነገር ተወው፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ራሱ የሚጠለልበት ጥላ ሲፈልግ ይታያል። ዝናቡ ደግሞ ከዓመት ዓመት ዕድሜው እያጠረ ሄዶ ነበር። ዘግይቶ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። የአገሩ ማሽላ ቁመቱ ረጅም፣ አደራረሱ ዘገምተኛ ነውና፣ ዛላው ፍሬ ሊቋጥር ሲል ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል። በዚህ የተነሣ የሰውየው ቤት ሁለት ክረምት በላይ በላዩ ጎመን ቀቅሎ ነበር ያለፈው። በሬው ከመክሳቱ ብዛት ጅብ አይቶት፣ አዝኖለት፣ መንገዱን ቀጠለ ይባላል። ሰውየውን የቆረቆረው ግን የበሬው ነገር አልነበረም። ታናሽቱ ልጁ ማታ ማታ እራት ሳትጠይቅ መተኛት መልመዷ ነበር።

በዚያ ሸለቆ አንድ የቆየ ሥርዓት አለ። ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ይሰበሰቡና ማማ የሚወጣበትን ቀን ይቆርጣሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማሳው መካከል በቆመው የእንጨት ማማ ላይ ከየቤቱ አንድ ሰው ወጥቶ፣ ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ ወፍ ይጠብቃል። ወፍ ጥበቃ በዚያ አገር የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። መንጋው ካንዱ ማሳ ሊያርፍ ሲል ባለማሳው ይጮኻል፤ ጎረቤቱ ጩኸቱን ይቀበላል፤ የጎረቤቱም ጎረቤት ይቀበላል፤ ወፉ እግሩን ሳያሳርፍ ከማማ ወደ ማማ እየተገፋ እስከ ተራራው ድረስ ይሸኛል። ከየማሳው ጥቂት ጥቂት መቅመሱ መቼም አይቀርም። አያ ይማም የሚባሉ የአገሩ ሽማግሌ «ወፍ ከሁሉ ይቀምሳል፤ ከማንም አይጠግብም» ይሉ ነበር። ሰዉ ሁሉ ይህን ሲሰማ ያደገ ነውና፣ ልብ ብሎ የሚያዳምጠው አልነበረም።

አንድ ዓመት፣ ከወንዙ ማዶ ካለ የምርምር ጣቢያ አዲስ የማሽላ ዘር ወጣ ተባለ። መንደሩ መከረና፣ እግሩ ፈጣን ነው፣ የሰማውንም አይረሳም ብሎ ይህን ሰው ላከው። ሄደ፤ አየ። ማሽላው ከወገብ አያልፍም። ነገር ግን የአገሩ ማሽላ ገና ቅጠል ሲያበዛ እሱ ዛላውን ጥሎ፣ ፍሬውን ቋጥሮ፣ ዝናቡን «በደኅና ሂድ» ብሎ ይሸኛል። እዚያ ያገኘችው ወጣት የግብርና ባለሙያ ለእሱና ለአራት ጎረቤቶቹ፣ በጠቅላላው ለአምስት ቤት የሚበቃ ዘር ሰፍራ ሰጠችው።

«ጋሼ፣ ይህን ያካፍሉና ሁላችሁም ባንድ ሰሞን ዝሩት» አለችው። «አንድ ሰው ብቻውን እንዳይዘራው።»

«እሺ» አለ። ለምን እንደሆነ ልትነግረው አፏን ስትከፍት፣ እሱ ጆንያውን ተሸክሞ በሩን አልፎ ነበር።

መንገዱ ረጅም ነው። ረጅም መንገድ ደግሞ ከብቸኛ ሰው ጋር ማውራት ይወዳል። ክፉ ሐሳብ ክፉ መልክ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ማን ያስጠጋው ነበር? የልጅህን መልክ ይዞ ነው የሚመጣ። ለሰውየውም ታናሽቱን ልጁን መስሎ መጣበት። ማንም ቤት እህል በሌለበት በዚያ በጭንቅ ሰሞን የእሱ ቤት ብቻ ጢስ ሲወጣው፣ ልጅቱ እራቷን በልታ እጇን ስትልስ ታየችው። «አንድ ዓመት ብቻ» አለ ለራሱ። «ከርሞ አካፍላለሁ።»

መንደር ሲደርስ ጎረቤቶቹ መንገድ ላይ ጠበቁት።

«እህሳ፣ ምን ይዘህ መጣህ?»

«ንግግር» አለ። «ብዙ ንግግር አደረጉ፤ ምሳ አበሉን፤ ዘሩ ግን ገና ነው አሉ።»

ሳቁና ተበተኑ። ዘር ፈልገው ንግግር ሲያገኙ የመጀመሪያቸው አልነበረምና አመኑት። ጆንያውን ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ትቶት ነበር፤ ሲመሽ ሄዶ አመጣው።

ማሳውን ሁሉ በዚያ ዘር ሸፈነ። የተረፈው የአራቱ ጎረቤቶች ድርሻ ነበር። ያንን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ፈራ፤ ጆንያ ካለ ጠያቂ አይጠፋም። በሩን ዘግተው ቀን በቀን ንፍሮ ቀቀሉት።

ሚስቱ እሳቱን እያራገበች «የሰው ዘር እኮ ነው የምንበላው» አለችው።

«ሳይበርድ ብዪ» አላት።

ማሽላው በቀለ። በቀለ እንጂ አልረዘመም። አላፊ አግዳሚው ያላግጥበት ጀመር። አንዱ «ምነው ማሽላህ ተንበረከከ? ስለት አለበት እንዴ?» አለው። ሰውየውም «ከገበያ የለቀምኩት የከሳ ዘር ነው። ለከብት አጭደዋለሁ፤ ተዉኝ» አለ። እንዲህ እያለ አንዱን ውሸት በሌላው ላይ ዘራ፤ ውሸት መቼም ዝናብ አጠረኝ አይልም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል የሰውየው ማሳ ደረሰ። ዙሪያውን የጎረቤት ማሽላ አረንጓዴ ሆኖ፣ ፍሬ ሳይይዝ ወደ ሰማይ አንጋጦ ቆሟል። በመካከሉ የእሱ ብቻ ቀልቶ፣ ዛላው ከብዶት አጎንብሷል። ሰውየው በድንበሩ እየዞረ ዛላውን በመዳፉ ይመዝን ጀመር። ሚስቱ ደግሞ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ጥቂት ወፎች ዛላው ላይ ተንጠልጥለው አየች። ገባች፤ አሮጌ ቀሚሷን ቀዳደደችና፣ እናቷ ለዘር በሚሆነው ላይ ስታደርግ እንዳየችው፣ ከማሳው ዳር ምርጥ ምርጡን ዛላ እየመረጠች በጨርቅ ጠቀለለች።

«ማሳውን ሁሉ ቀሚስ ልታለብሺው ነው?» ብሎ ቀለደባት።

«ቀሚሴ አንድ ሆኖብኝ ነው» አለች። «ቢበቃማ አለብሰው ነበር።»

በማግስቱ ግሪሳ መጣ።

ግሪሳን ታውቃለህ፤ እፍኝ የማትሞላ ወፍ ናት። የዚያን ቀን የመጣውን ግን አታውቅም። ከወንዙ ማዶ፣ ከበረሃው ዳር፣ ስሙን ከማላውቀው አገር ሁሉ ያለው ግሪሳ ተጠራርቶ መጣ፤ በዚያ ሰሞን በሸለቆው ውስጥ ፍሬ የያዘ ሌላ ማሳ አልነበረማ። ሲመጡ ፀሐዩ ጠቆረ፤ የመንደሩ ዶሮዎች መሸ ብለው ቆጥ ላይ ወጡ። የክንፋቸው ነፋስ የሦስት ቤት ክዳን ገለጠ ይባላል። አራት የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን ማጋነን አልወድም።

ሰውየው ማማው ላይ ወጣ። ድንጋይ ወነጨፈ፤ ከወዲህ ሲነሡ ከወዲያ ያርፋሉ። ጅራፉን አጮኸ፤ ከወዲያ ሲነሡ ከወዲህ ያርፋሉ። ሚስቱ ከታች ቆርቆሮ እየቀጠቀጠች ትሮጣለች። በመጨረሻ ያለ የሌለ ድምፁን አውጥቶ ጮኸ። ጩኸቱ የጎረቤቱን ማሳ አቋረጠ። የጎረቤቱ ማማ ላይ ማንም የለም። ከዚያ ወዲያ ያለውም ማማ ባዶ ነው። የሚጠበቅ ፍሬ የለ፣ የማማው ቀን አልተቆረጠ፣ ማን ይውጣ? ሰውየው ከተወለደ ጀምሮ ጩኸቱ ሄዶ ሄዶ፣ የሚቀበለው አጥቶ፣ መሬት ሲወድቅ የሰማው ያን ቀን ነው።

ከታች ባለው መንገድ አንድ ጎረቤቱ ሞፈር ተሸክሞ ሲያልፍ አየው።

«አንተ ሰው፣ ድረስልኝ» አለው።

ጎረቤቱ ቀና ብሎ አየ። «ለከብት የምታጭደውን ነው እንዴ የምትጠብቀው? ተዋቸው ይልቀሙት፤ ሸክም ይቀንሱልሃል» ብሎ እየሳቀ አለፈ። ለክፋት አልነበረም፤ የተነገረውን ያመነ ሰው ነው። ሰውየው «ዋሽቼህ ነው፤ እህል ነው» ሊለው አፉን ከፈተ። አፉ እንደ ተከፈተ ቀረ። ያን ቃል ያን ጊዜ አውጥቶት ቢሆን ኖሮ፣ መንደሩ ወጥቶ ግማሹን ያድንለት ነበር እላለሁ። አላወጣውም። ሞፈሩ በጎረቤቱ ትከሻ ላይ እየተወዛወዘ ከመታጠፊያው ሲሰወር ማማው ላይ ቆሞ አየው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግሪሳው ተነሥቶ ሄደ። ማሳው እንደ ቆመ ነው፤ አገዳው አልተነካም። ዛላው ግን ያረጀ መጥረጊያ መስሏል። ሰውየው ወርዶ በመካከሉ ሲሄድ ገለባው ከእግሩ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከዳር በኩል፣ በቀሚስ ቁራጭ የተጠቀለሉት ዛላዎች ብቻ፣ ራሱን ታሞ ሻሽ እንዳሰረ ሰው ቆመዋል።

ሚስቱ እነሱን ቆርጣ በጉያዋ ይዛ ገባች። ከመካከላቸው አስቀምጠው አዩዋቸው። ቢቀቀሉ የጥቂት ቀን ንፍሮ ናቸው። ቢደበቁ ለከርሞ የእሱ ማሳ ዘር ናቸው። ልጅቱ መጥታ ጨርቁን በጣቷ ነካ አደረገችና ምንም ሳትጠይቅ ሄዳ ተኛች።

«ተቆጪኝ እንጂ» አለ ሰውየው።

«ንፍሮውን አብሬህ በልቼ በምን አፌ?» አለችው።

የግሪሳው ወሬ ደርሷቸው ኖሮ፣ በማግስቱ ሽማግሌዎች የማማውን ቀን ሊቆርጡ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። መንደሩም ተሰብስቧል። ሰውየው ጥቅሉን ይዞ መጣ። ከመካከላቸው መሬት ላይ አስቀመጠና ጨርቁን ፈታው።

«ያ የተንበረከከው ማሽላ ይህ ነው» አለ። «ከምርምር ጣቢያው ነው የመጣ። ለአምስት ቤት ነበር የተሰጠኝ። የአንዱን ቤት ብቻዬን ዘራሁ፤ የአራታችሁን ቀቅዬ በላሁ። የዘራሁትን ወፍ በላው።»

ሞፈር ተሸክሞ ያለፈው ጎረቤቱ ወደ መሬት አቀረቀረ። አያ ይማም ካንዱ ዛላ ፍሬ ፈልፍለው በጥርሳቸው ሰበሩ፤ ጥርስ ያልኩህ አንዲቱን ነው፣ ሌላ አልነበራቸውም። አላመጡ፣ ዋጡ። ሰውየው ስድቡን ይጠብቃል።

«ልጆችህ ትናንት ማታ ምን በሉ?» አሉት።

ለስድብ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አልተዘጋጀም። እዚያው ቁጭ አለና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

የዚያን ዓመት ዝናቡ እንደ ልማዱ ጥሎ ሄደ፤ ከሸለቆው ማሽላ እኩሌታው ገለባ ሆኖ ቀረ። መንደሩ ከቀረው እኩሌታ ላይ ለሰውየው ቤት ሰፈረለት። ያለ ቂም ሰፈሩለት ብልህ ዋሸሁ። አንዳንዱ ቁናውን ሳይነቀንቅ፣ አናቱን ሳይቆልል ነው የሰፈረ። ነገር ግን ሰፈሩ። «ንፍሮው እንዴት ነበር?» የሚለው ቀልድም እሱ ባረጀበት ዘመን እንኳ በየደቦው ይከተለው ነበር።

ከርሞ ያን ዘር ተከፋፈሉት። አንዲት ቀሚስ ያዳነችው ዘር ለመንደሩ ሁሉ በቃ ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግን አልበቃም። ከምርምር ጣቢያው ሌላ አስመጡ፤ ሰውየውን ግን ብቻውን አልላኩትም። አያ ይማም «ዝናቡ ዘንድሮ የትኛውን እንደሚወድ ማን ያውቃል?» ብለው ከየማሳው እኩሌታውን ለአዲሱ፣ እኩሌታውን ለነባሩ ማሽላ አስደረጉ። የማማው ቀንም ቀደም ብሎ ተቆረጠ።

ግሪሳው መጣ፤ ያው ራሱ፣ የልጅ ልጁን አስከትሎ። ሰውየው ማማው ላይ ቆሞ ጮኸ። ጮኸና ዝም ብሎ አዳመጠ። ያ ባለ ሞፈሩ ጎረቤቱ ከማማው ላይ ተቀበለው። ከዚያ ወዲያ ያለው ተቀበለው። መንጋው ሊያርፍ ይላል፣ ይነሣል፤ ሊያርፍ ይላል፣ ይነሣል። ጩኸቱ ከተራራው ደርሶ ሲጠፋ ሰውየው አሁንም ያዳምጥ ነበር። ከማሳው ዳር ዳሩን ወፍ ቀምሶለታል፤ ከሁሉም ማሳ እንደዚያው። በዚያ ሰሞን አንድ ማታ ታናሽቱ ልጁ እራት ጠየቀች። ሰጧት። በልታ ጨረሰችና ደግማ ጠየቀች።

እንግዲህ ልጄ፣ «ድንች ከመሬት በታች ነው፣ ወፍ አያገኘውም» ልትለኝ ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። የጎረቤትህ ድንች ታሞ ሲበሰብስስ፣ በሽታው ካንተ ድንበር ደርሶ «ልግባ ወይ?» ብሎ ይጠይቅሃል? እሱም ይቅር። በራበው መንደር መካከል ብቻውን የጠገበ ቤት፣ ያ ብቻውን የደረሰ ማሳ ነው። የአገሩ ረሃብ ሁሉ ሌላ ማረፊያ ስለሌለው እዚያ ያርፋል፤ አንድ ቀን ዘመድ ሆኖ፣ አንድ ቀን ሌባ ሆኖ፣ አንድ ቀን በመንገድ ላይ ሰላምታ የነሣህ ጎረቤት ሆኖ። አዲሱ ዘር ደግ ዘር ነው፤ ያንንም ሰው የጎዳው ዘሩ አይደለም። ቤትህን አትሙላ አላልኩህም፤ ሙላ። ግን ዘሩን ከጆንያው ከማውጣትህ በፊት ደጅህ ላይ ቁምና ዙሪያህን ተመልከት፤ በጭንቅ ቀን ብትጮህ ጩኸትህን ማን እንደሚቀበልህ ለይ። ያን ሰው ዘር ሳትሰጠው፣ የራስህን አትዝራ።