«ምንም አይሸትም» ያለው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የሞተ ነገር እንዳይበሰብስ መጠበቅ ነበር። በአንድ የጤና ማሠልጠኛ ላብራቶሪ ውስጥ መደርደሪያ ሙሉ የመስታወት ማሰሮ ተሰጥቶት ነበር። በአንዱ እባብ፣ በአንዱ እንቁራሪት፣ በሌላው የበሬ ልብ ተነክሮ ተቀምጧል። የሚነከሩበት ነገር ፎርማሊን ይባላል። ስታየው እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ክዳኑን ስትከፍተው ግን ትነቱ ዓይን ይለበልባል፣ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ጉሮሮ ይዘጋል።

የእባብና የእንቁራሪት ወሬ እዚህ ምን ቤት ነው ብለህ ፊትህን አታጨፍግግብኝ። የጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ። «ድሮ ሚስቴን ክፉ ቃል ስናገራት እህል አይወርድልኝም ነበር፤ እሷም ታለቅስ ነበር። ዛሬ እኔንም አይቆረቁረኝ፣ እሷም አታለቅስ። ቤቴ ሰላም አገኘ ማለት ነው ወይ?» ነው ያልከኝ። ሽማግሌ ሆኜ ያጋባኋችሁ እኔ ነኝና መልስ አለብኝ። ዛሬ እሑድ ነው፣ የትም አትሄድም፤ ተቀመጥ።

ይህ ሰው ሥራ በጀመረ ሰሞን ያለቅስ ነበር። ማሰሮ በከፈተ ቁጥር እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል። ተማሪዎቹ «ዛሬ ደግሞ ለቅሶው ለየትኛው እንቁራሪት ነው?» እያሉ ያሾፉበታል። ሥራውን ያስለመደው ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወር የቀረው አንድ አሮጌ ባለሙያ ነበር፤ እሱ ብቻ አልሳቀም።

«እንባህን አትናቀው» አለው። «ይሄ ነገር ከሌላው መርዝ የሚሻልበት አንድ ጠባይ አለው፤ መምጣቱን ይናገራል። ሌላው ድምፁን አጥፍቶ ይገባል፣ ይሄ በር ያንኳኳል። ዓይንህን ሲያቃጥልህ ውጣ፤ መስኮት ክፈት፤ የአየር መሳቢያውን አስነሣ። ያለ ጓንትና ያለ መነጽር ክዳን እንዳትነካ። ዓይንህ ከገባ ሩብ ሰዓት ሙሉ ከቧንቧው ሥር አትነሣ። ወለል ላይ ከፈሰሰ ሰው አታስገባ። አፍህ ላይ የምታስረው ጨርቅ አቧራ እንጂ ትነት አያግድምና በእሱ አትመካ።»

ከዚያም ሊሄድ በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ዞር ብሎ፣ «ማቃጠሉን የተወህ ቀን ግን ያን ቀን ፍራ» አለው። ሰውየው ይህችን የመጨረሻዋን ቃል የሽማግሌ ጨዋታ አድርጎ ወሰዳት።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል። የመጀመሪያውን ዓመት ሲያለቅስ ከረመ። በሦስተኛው ዓመት እንባው ቀነሰ። በስምንተኛው ዓመት ፊቱን ማሰሮው አፍ ላይ ደቅኖ ቢያይ ዓይኑ እንኳን አይርገበገብም። ደስ አለው። መቼም የሰው ነገር፣ የደነዘዘ ዕለት የበረታ ይመስለዋል። ጓንቱን «እጄን ያንቀረፍፈኛል» ብሎ ተወው፤ መነጽሩንም መስኮት ላይ እንዳስቀመጠው ረሳው። ተማሪዎቹ ማሾፋቸውን ትተው «እሱ እኮ ለምዶታል» እያሉ ያደንቁት ጀመር። ማታ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሁሉ መስኮት ይከፍታል። እሱም «የዛሬ ሰው ብርድ አይፈራም» እያለ ኮቱን ይሰበስባል።

በመካከሉ የአየር መሳቢያው ተበላሸ። ለኃላፊው ማመልከቻ ተጻፈ፤ መልሱ ዘገየ። እስከዚያው ግን ሰዉ አንድ ዘዴ አገኘ። ወደ ላብራቶሪው የሚመጣ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ «ይሸታል?» ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም አየሩን ሳብ አድርጎ «ምንም አይሸትም፤ ግቡ» ይላል። እንዲህ ተባብለን ወር አለፈ፣ መንፈቅ አለፈ፣ ማመልከቻውን የሚያስታውስ ጠፋ። በመሳቢያው ፋንታ የአንድ ሰው አፍንጫ ተተካ። «ተባብለን» ማለቴን ሰምተሃል፤ እኔም እዚያው አስተምር ነበርና ከጠያቂዎቹ አንዱ ነኝ። ዓይኔ እየተለበለበ «አይሸትም» ሲለኝ፣ የታመመው ዓይኔ ነው ብዬ የዓይን ሐኪም ዘንድ የሄድኩበት ቀን አለ።

ክፍሉን የምታጸዳ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። እንጀራዋ መወልወያና ባልዲ ይሁን እንጂ በሰፈሩ የምትታወቀው በሙሾዋ ነው። እሷ ያልመጣችበት ልቅሶ ቤት ለቅሶው አይደምቅም፤ ሬሳውም ያለ ሰው የቀረ ይመስላል። የሰውየው እናት የሞተች ጊዜ እሱ እንደ ግንድ ቆሞ ቀርቶ ነበር። እንባ እምቢ አለው፤ ዘመድ አዝማድ ሁሉ እያየው ይጨነቃል። ያን ጊዜ አንጓች ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ፣

«ቁልፉን ይዛው ሄደች የቤቱ እመቤት፣
ልጇ ከደጅ ቀረ ማን በር ይክፈትለት»

ብላ አወረደች። ሰውየው እየየውን ለቀቀው። ወገቡን ይዘው እስኪያስቀምጡት ድረስ አለቀሰ፤ በማግስቱም እህል ቀመሰ። ከዚያ ወዲህ አንጓችን እንደ እህቱ ነበር የሚያያት።

አንጓች ግን ደረቷ ደካማ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ብርድም አቧራም ያፍናታል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ ትቆምና «ጋሼ፣ ልግባ?» ትለዋለች። «ግቢ» ሲላት ትገባለች። ስንት ዓመት እንዲህ ሆነ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሰውየው በሩን ከፈተ። ክፍሉ ቅዳሜና እሑድ ተዘግቶ ነው የሰነበተው። ከመደርደሪያው ሥር ወለሉ ርሷል። የበሬው ልብ ያለበት ትልቁ ማሰሮ ከታቹ ተሰንጥቆ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያፈስ ከርሞ ነበር። እሱ ግን ማሰሮውን ቀና ብሎ አላየውም፤ አየሩን ሳብ አደረገ፣ ምንም የለም። የፈሰሰውም ጥርት ያለ ነው። የቧንቧ ውሃ መሰለው።

«ጋሼ፣ ልግባ?»

«ግቢ። ቧንቧው አፍስሷል መሰለኝ፣ እስቲ ጠረግ ጠረግ አድርጊው።»

አንጓች አንድ እግሯን ካስገባች በኋላ ቆም አለች። «ጋሼ፣ ዛሬስ ዓይኔን ወጋኝ» አለችው።

«አቧራ ነው፤ ሁለት ቀን ተዘግቶ። ደግሞ እኔ ይኸው ቆሜ የለም እንዴ?»

ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። ደረቅ ነው። ልጄ፣ ያመነችው ቃሉን አይደለም፣ ያንን ደረቅ ዓይኑን ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ አሰረች፣ ተንበረከከች፣ ጨርቁን ከመደርደሪያው ሥር አስገብታ እየነከረች ባልዲው ውስጥ ትጨምቅ ጀመር። አንድ ጊዜ ሳለች። ሁለተኛ ሳለች። «ጉንፋን ይዞሻል» አላት፣ ጀርባውን ሰጥቶ ዕቃ እያስተካከለ። ሦስተኛውን ሳል አልሰማም። ዘወር ሲል ጨርቁ ከእጇ ወድቋል፤ በሁለት እጇ ጉሮሮዋን ይዛለች፣ አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም።

ተሸክሟት ሮጠ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ወጣቱ ሐኪም አየር የሚሰጣትን ነገር አፍንጫዋ ላይ እያደረገ፣ «ክፍሉ ውስጥ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«ምንም» አለ ሰውየው። «ምንም አልነበረም።»

ሐኪሙ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። እንባው ይወርዳል። «አባቴ፣ ልብስዎ ዓይኔን እያቃጠለኝ እንዴት ምንም ይሉኛል?» አለው።

ሰውየው እጅጌውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ሳበው። ምንም አልሸተተውም። ደግሞ ሳበው። ሐኪሙ እያለቀሰ፣ እሱ እጅጌውን እየሳበ ቆመ። የአሮጌው ባለሙያ የመጨረሻ ቃል ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው።

አንጓች አልሞተችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በእግሯ ሄዳ ቤቷ ገባች። ድምፅዋ ግን እዚያው ቀረ። አሥር እርምጃ ስትሄድ ትቆማለች፤ ስታወራ ጆሮህን አፏ ላይ ካላደረግህ አትሰማም። የአየር መሳቢያው በዚያው ሳምንት ተሠራ። ሰው ከተጎዳ በኋላ ማመልከቻ እግር ያወጣል። ሰውየው ከማሰሮዎቹ ተነሥቶ ወረቀትና ጠመኔ ወደሚጠበቅበት ክፍል ተዛወረ።

ይቅርታ ሊጠይቃት ቤቷ ሄደ። ደጋግሞ «በድዬሻለሁ» አላት። እሷም በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ እኔማ ዓይኔ ነግሮኝ ነበር። ከዓይኔ ይልቅ እርስዎን አመንኩ» አለችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

በመንፈቁ ታላቅ ወንድሙ ሞተ። አንጓች እያረፈች፣ እየቆመች ልቅሶው ቤት ደረሰች። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው መሐል ቦታ ለቀቁላት። ተነሥታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ግጥሙ እንዳለ ያስታውቃል፤ የሚሰማ ግን የለም። አጠገቧ ያሉት ሴቶች መሬት መሬት አዩ። ሰውየው ከወንዶቹ መሐል ቆሞ ያንን ከንፈር ያያል። አላለቀሰም። እሱን ታስለቅሰው የነበረችው አንዲት ሰው ብቻ ናት፣ ድምፅዋን የወሰደው ደግሞ ራሱ ነው። ወንድሙን በደረቅ ዓይን ቀበረው።

ከማሰሮዎቹ ከተለየ ዓመት ሞላው። በእሱ ቦታ የተቀጠረው ባለሙያ የትኛው ማሰሮ መቼ እንደተሞላ እንዲያሳየው አስጠራው። ሰውየው ወደ ላብራቶሪው ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ አዲሱ ባለሙያ ጓንቱንና መነጽሩን አድርጎ አንድ ማሰሮ ከፍቷል። ሰውየው ደፉ ላይ እግሩን ሲያነሣ ዓይኑን አንድ ነገር ለበለበው። አፍንጫውን ሰነፈጠው። እንባው ዱብ አለ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለ ባለሙያው።

«ያቃጥላል» አለ። ደፉ ላይ እንደ ቆመ ጉንጩን በእጁ ዳሰሰ፣ እጁን አየ። «ያቃጥላል» አለ ደግሞ።

ወደ ውስጥ አልገባም። ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ፎርማሊን የሚያስለቅሰው ነፋስ እስክታገኝ ድረስ ነው፤ እሱ ግን በነፋሱ ውስጥ ተቀምጦ እስከ ቀትር አለቀሰ። ለወንድሙም አለቀሰ፣ ለአንጓችም አለቀሰ። እኔ በዚያ ሳልፍ አየሁት። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ልጄ፣ ክፉ ቃል እንደዚያ ፎርማሊን ነው። ከአፍ ሲወጣ ውሃ ይመስላል። ድሮ እህል አልወርድ ሲልህ የነበረው ያ ማንኳኳቱ ነበር፤ ፈጣሪ አዝኖልህ የሰጠህ ደወል። አንተ ግን ስታቃጥል ስትቃጠል ኖርክና ደነዘዝክ። ዛሬ አልቆረቆረኝም ስትል ቃሉ የቀለለ መስሎህ ነው። ቃሉ እንደ ድሮው ነው። አንተ ደረቅ ዓይንህን ይዘህ ከቤቱ መሐል ቆመህ «ምንም የለም፣ አቧራ ነው» ትላታለህ፤ እሷም ዓይንህን አይታ የታመምኩት እኔ ነኝ ትላለች።

ሚስትህ አታለቅስም አልክ። አንጓችም አታለቅስም። የሰርጋችሁ ዕለት ያቺ ልጅ ስትስቅ ሳቋ ከድንኳኑ ውጭ እኛ ዘንድ ይሰማ ነበር፤ ትዝ ይለኛል፣ አብረውኝ የነበሩት ሽማግሌዎች «ይህቺስ ቤት ታሞቃለች» ብለው ነበር። ያንን ሳቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማኸው መቼ ነው? ለእኔ አትመልስልኝ፤ ለራስህ መልስ።

ዝምታ ሁሉ ሰላም አይደለም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ዛሬ ተነሥተህ እዚህ ድረስ መጥተህ መጠየቅህ ራሱ አንድ ነገር ዓይንህን ለብለብ አድርጎህ ነው። አትጥረገው። ሰውየው እንባው ሲመለስ የአንጓች ድምፅ አብሮ አልተመለሰም፤ የአንተዋ ግን ገና ቤት ውስጥ ናት። አሁን ሂድ። ስትደርስ ዘው ብለህ አትግባ፤ በሩ ላይ ቁም። እስከ ዛሬ እንደዚያ ሰውዬ ስትጠየቅ ኖረሃል፣ ዛሬ አንተ ጠይቅ። «ልግባ?» በላት። መልሷ በሹክሹክታም ቢሆን፣ ጆሮህን አስጠግተህ ስማት።