አይበገሬና ድንጉጧ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ፈሪ ካለም አይፈር፣ ይቅረብ። የዛሬው ተረት የፈሪ ነው።

በአንድ ትልቅ ባሕር መካከል አንዲት ደሴት ነበረች። በደሴቲቱ ላይ ይርሳው የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ይኖር ነበር። ይርሳው ታንኳውን ከደንገል ራሱ ይሠራል፣ በሠራው ታንኳም ሰው ያሻግራል፤ ባሕሩንም እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ግን ይፈራው ነበር። ባሕርን የሚያውቅ ሰው ባሕርን አይፈራም ያለው ማን ነው? የማያውቅ ነዋ! ባለፈው ክረምት እህቱ ምጥ ጠንቶባት ወደ ማዶ ጤና ጣቢያ ሲያሻግራት፣ ታንኳ ቀርፋፋ ነችና፣ መንገድ ላይ ሞታበታለች። ከዚያ ወዲህ ውኃ ባየ ቁጥር እህቱ ትታየዋለች። አሁን ደግሞ የሚስቱ የአንጓች ወር ገብቷል።

የደሴቲቱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩና «ሞተር ያላት ጀልባ ትምጣልን» አሉ። አንድ ነጋዴም ከማዶ ሁለት ትንንሽ የአሉሚኒየም ጀልባዎች ይዞ መጣ፤ የሁለቱም ሞተር ከኋላቸው የተንጠለጠለ ነው። «ሁለቱንም ሞክሯቸው፤ ቅዳሜ ስመለስ አንዷን ታስቀራላችሁ፣ አንዷን እወስዳለሁ» ብሎ ሄደ። ሽማግሌዎቹም «ይርሳው፣ ውኃውን የምታውቀው አንተ ነህ፤ አንተው ምረጥ» አሉት። ሽማግሌ ነገር ሲከብደው እንዲህ ነው፤ ሸክሙን አንሥቶ ለሌላው ያሸክማል። ይርሳውም «የምመርጠው ጀልባ ሳይሆን የአንጓችን ነፍስ ነው» እያለ ወደ ውኃው ዳር ወረደ።

አንደኛዋ ጀልባ ታብረቀርቃለች። ወለሏ ላይ ጣውላ ተነጥፏል፤ በጣውላው ላይ ሰሌን ተደርቧል። ጎኗ ላይ «አይበገሬ» ተብሎ ተጽፎባታል። ሁለተኛዋ ስም የላትም፤ ሆዷም ገላጣ ነው፤ የብረቷ መጋጠሚያ ሁሉ ይታያል። ትንሽ ሞገድ በነካት ቁጥር «ኳ! ኳ!» እያለች ትጮኻለችና የደሴቱ ሰው ድንጉጧ አላት።

«ማዕበል ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ሲል ይርሳው ጠየቃቸው።

«ማዕበል? ረግጬው አልፋለሁ!» አለች አይበገሬ።

«ማዕበል? እኔ እፈራዋለሁ፤ ገና ከሩቅ ሳየው እጮኻለሁ» አለች ድንጉጧ።

«ጉማሬ ብቅ ቢልስ?»

«እሱ ይሽሽ እንጂ!» አለች አይበገሬ።

«እኔ ዞሬ እሄዳለሁ። ከጉማሬ ጋር ምን አገናኘኝ?» አለች ድንጉጧ።

«ውኃ ሲገባባችሁስ?»

አይበገሬ ሳቀች። «ውኃ? እኔ ውስጥ? በል ሰሌኔን ዳስሰው!» ይርሳው ዳሰሰው፤ ደረቅ ነው።

ድንጉጧ ግን አቀረቀረች። «እኔስ ይገባብኛል። ሆዴ ግልጥ ስለሆነ ሲገባ ታየዋለህ። እየተንቀጠቀጥሁ እነግርሃለሁ፤ አንተም በጣሳ እየቀዳህ ትደፋልኛለህ።»

ይርሳው ከሷ ይልቅ በራሱ አፈረ። «እኔ ራሴ ፈሪ ነኝ። በፈሪ ላይ ፈሪ ተጨምሮ የት ይደረሳል? ለፈሪ የሚያስፈልገው ደፋር ነው» ብሎ አሰበ።

ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቅ አንድ አርጃኖ፣ ያ ትልቁ የውኃ ዳር እንሽላሊት፣ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። አርጃኖ ባሕሩ የተፋውን የሚበላ ፍጥረት ነው፤ ባሕሩ ምንም ካልተፋ ጦሙን ያድራል። እናም ሹካ ምላሱን አወጣ፣ አስገባ፣ «ጌታው ይርሳው፣ ዓይንህ ይባረክ! አይበገሬን የመሰለች ጀልባ ቆማ ምን ታመነታለህ?» አለው።

ዳር ላይ እንድትደርቅ የቆመችው አሮጌዋ ታንኳ ግን «ይርሳው ልጄ» አለችው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ውኃ ስጠጣ ኖሬያለሁ። ደንገል ነኝና ጠጥቼም እንሳፈፋለሁ። ብረት ግን እንደ እኔ አይደለም፤ ጠጥቶ ይሰምጣል። የምትጠጣውን አትፍራ፤ ጠጥታ የምትደብቀውን ፍራ።»

«አንቺ ደግሞ ቀንተሽ ነው» አላት። አሮጊት ስትመክር ሁልጊዜ ቀንታ ነው፤ እንዲህ እየተባለ ስንት ምክር ገደል ገባ!

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንጓችን ምጥ ያዛት። አዋላጇ እትዬ ዝማም ሆዷን ዳሰሱና ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ልጁ በእግሩ ነው የመጣው። ይሄ የኔ አቅም አይደለም። ይርሳው፣ ማዶ አድርሳት፣ ቶሎ!» አሉ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነፋሱ ተነሥቷል። ይርሳው ሚስቱን ተሸክሞ አይበገሬ ላይ አሳፈራት፤ እትዬ ዝማምም ተከትለው ገቡ። ገመዱን ስቦ ሞተሩን አስነሣ። ባለፈው ክረምት እህቱም እንዲሁ ስታቃስት ነበር።

ጥቂት እንደሄዱ አንጓች «ይርሳው፣ እግሬን በረደኝ» አለች።

«ነፋሱ ነው» አላት።

«አትፍራ!» አለች አይበገሬ።

ደግሞ ጥቂት ሄዱ። «ይርሳው፣ ሰሌኑ እኮ ረጠበ!»

«ታንኳስ መቼ ደርቃ ታውቃለች? ግድ የለሽም» አላት። ዕድሜውን እርጥብ ደንገል ላይ ተቀምጦ የኖረ ሰው ነው፤ እርጥበት ምኑም አይደል።

«አትፍራ!» አለች አይበገሬ።

ደግሞ ጥቂት ሄዱ። ዝናቡ ወረደ። ይህን ጊዜ እትዬ ዝማም ጮኹ። «አንተ ይርሳው! ጣውላው ተንሳፈፈ!»

ይርሳው ሰሌኑን ገፍፎ ጣውላውን አነሣ። ከሥሩ ጥቁር ውኃ ይንቦጫረቃል። የታችኛው መጋጠሚያ ተላቆ፣ ከዳር ከተነሡ ጀምሮ ውኃ ሲገባ ኖሯል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ብነግርህ ማን አይበገሬ ይለኝ ነበር?» አለች፤ አፍንጫዋንም ወደ ውኃው ደፋች።

ይርሳው ልመለስ ብሎ ጀልባዋን አዞረ። ወዴት ይመለስ? ዝናቡ ደሴቲቱን ውጧታል፤ በየትም ቢያዩ ግራጫ ነው። አንጓች የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጣ «ልጄን! ልጄን!» ትላለች። ከኋላቸው ደግሞ አንድ ነገር በዋና ይከተላቸዋል፤ አርጃኖው ነው። «በርታ ይርሳው! ደሴቱ በቀኝ ነው፣ በቀኝ!» ይለዋል። ድምፁ የወዳጅ ድምፅ ነበር። ይርሳውም ጀልባዋን ወደዚያው ሊያዞር ሲል በግራ በኩል ከዝናቡ ውስጥ ድምፅ ተሰማ።

ኳ! ኳ! ኳ!

ድንጉጧ ናት። ዳር ላይ እንደታሰረች ማዕበሉ ቢመታት በፍርሃት ነፍሷ እስኪወጣ ትጮኻለች።

«በቀኝ!» አለ አርጃኖ። «በቀኝ!» አለች አይበገሬ።

የፈራ ሰው ግን የፈራን ድምፅ ያውቃል። ይርሳው ጀልባዋን ወደ ጩኸቱ አዞረ። ውኃው ቁርጭምጭሚት ደረሰ፤ ጉልበት ደረሰ፤ ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ። አይበገሬ ከዳር ጥቂት ሲቀራት ሰመጠች፤ ይርሳውና እትዬ ዝማም ደረት በሚደርስ ውኃ ውስጥ አንጓችን በክንዳቸው ደግፈው አወጧት። አርጃኖው ምላሱን አወጣ፣ አስገባ፣ ጦሙን ተመለሰ።

አንጓች መሬት ላይ ተኝታ ስታምጥ ይርሳው ወደ ድንጉጧ ሄደ።

«እንሂድ?» አላት።

«እፈራለሁ» አለች።

«እኔም እፈራለሁ።»

«እንግዲያው አብረን እንፍራ» አለችው።

አንጓችን አሳፍረው ሁለተኛ ተነሡ። ድንጉጧ መንገዱን ሙሉ ስትጮኽ ሄደች። «ማዕበል! ማዕበል!» ስትል ይርሳው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ማዕበሉ በሥራቸው ያልፋል። «ጉማሬ! ጉማሬ!» ስትል ዞሮ ይሄዳል፤ ጉማሬውም ጆሮውን እያራገበ «ኧረ ይቺ ጩኸታም ጆሮዬን አደነቆረችው፤ ቶሎ አሳልፏት!» ይላል። «ውኃ ገባብኝ! ውኃ!» ስትል እትዬ ዝማም በጣሳ እየቀዱ ይደፋሉ። የይርሳው ፍርሃት ጥቂት እንኳ አልቀነሰም። ማዶ እስኪደርሱም ድረስ እንደፈራ ነበር።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ አንጓችን ወደ ውስጥ አስገቧት፤ እትዬ ዝማምም አብረው ገቡ። ይርሳው ደጅ ቀረ። መጀመሪያ የአንጓች ጩኸት ይሰማ ነበር። ጩኸቷን ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል፤ «ምነው ዝም ባለችልኝ» ይላል። ኋላ ዝም አለች። ሐኪሟም ዝም አለች። «ተወለደ» ሲሉ የእትዬ ዝማምን ድምፅ ሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ምንም የለም። ሕፃን አላለቀሰም። ያን ጊዜ ይርሳው ባሕሩ ላይ ያልፈራውን ፍርሃት ፈራ። ግድግዳውን በሁለት እጁ ይዞ «ጩኽ! ጩኽ ልጄ! አደራህን ጩኽ!» እያለ ለመነ።

ውስጥ ሕፃኑን ጠረጉት፣ ጀርባውን አሹት፣ እግሩን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ጮኸ። ጤና ጣቢያው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ይርሳው እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አብሮት አለቀሰ። እትዬ ዝማም ብቅ ብለው «ሁለቱም ደኅና ናቸው። ደግሞ ልጅህ እንዴት ያለ ጯሂ ነው፤ እንቅልፍም አታገኝ!» አሉት።

«ይጩኽ» አለ ይርሳው። «ይጩኽ እንጂ፣ እትዬ።»

ቅዳሜ ነጋዴው ተመልሶ መጣ። ሽማግሌዎቹ ከውኃ ያወጧትን አይበገሬን አሳዩት። «ታዲያ ይህቺን ፈሪ ልታስቀሩ ነው?» ቢላቸው፣ ይርሳው ብድግ ብሎ «አዎን፣ እሷን። እኛን ሊገድለን የነበረው ፍርሃት አይደለም፤ አትፍራ የሚለን ነው» አለው።

ተረቴ እዚህ ላይ ዳር ደረሰች፤ እናንተም ከውኃው ውጡ። ብትወጡም ግን ይህችን ያዙልኝ፦ አልፈራም ካለህ ጋር ዳር ቆመህ ተጫወት፤ እፈራለሁ ካለህ ጋር ባሕር ተሻገር።