አያ ቀዮ፣ አልጌውና የማያልቀው ጉርሻ

ጉርሻ ማለት አንድ ሰው ለራሱ አፍ ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሌላ አፍ የሚያዛውርበት ሥርዓት ነው። ለዚህ ሥርዓት ሁለት ወገን ያስፈልጋል። አጉራሹ እጅ ሊኖረው ይገባል፤ ጎራሹ አፍ ሊኖረው ይገባል። ጎራሹ ይራብ አይራብ ግን የሚጠይቅ የለም። ይህን ከያዛችሁ ተረቱን መጀመር እንችላለን።

ጆሯችሁ ከእኔ ጋር ነው? እንግዲያው እሺ በሉኝ።

በድሮ ጊዜ ነው፤ እንስሳም ዕቃም ይናገር በነበረበት ዘመን። በጣም ድሮ እንዳይመስላችሁ፤ መብራት ገብቶ ነበር። በአንድ የሐይቅ ዳር ከተማ ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ ሴት ምግብ ቤት ነበራቸው። የተጠበሰ ዓሣ፣ የዓሣ ጉላሽና የዓሣ ሾርባ ይሸጣሉ። በበሩ አጠገብ ደግሞ የመስታወት ገንዳ አስቀምጠዋል። በገንዳው የሚዋኙት ዓሦች ለመታየት እንጂ ለመበላት አልነበሩም። ይህን ልዩነት ግን ማንም በጽሑፍ አልሰጣቸውም።

በገንዳው ውስጥ እመት ሣር ነበረች፤ ሥሯን አሸዋው ውስጥ ሰድዳ፣ ረጃጅም ቅጠሎቿን ወደ ላይ ዘርግታ ትኖራለች። አያ ቀንድ አውጣ ነበር፤ ቤቱን ተሸክሞ ሲሄድ ይውላል፣ ቤቱን ተሸክሞ ሲሄድ ያመሻል። አያ ቀዮ ነበር፤ ቀይ ዓሣ ነው፣ ከነወንድሞቹ። ከላይ፣ ክዳኑ ላይ፣ አያ መብራት ነበር። ጎህ ሲቀድ ይበራል፣ የመጨረሻው እንግዳ እስኪወጣ አይጠፋም።

እንግዶቹ ደግ ሰዎች ነበሩ። ምሳቸውን በልተው ሲወጡ ገንዳው ጋ ይቆሙና ከዳቦ ቆንጥረው ይጥላሉ። «እንካ ጉርሻ፣» ይላሉ። አያ ቀዮ ሽቅብ ይወጣና ይጎርሳል። ይስቃሉ። ሌላው እንግዳ ይጥላል። አያ ቀዮ ይጎርሳል። ይስቃሉ። ሦስተኛውም ይጥላል። በዚህ ጊዜ አያ ቀዮ ጠግቧል፤ ቢሆንም አፉን ከፍቶ ይቀበለዋል፣ እንግዳው ዞር ሲል ይተፋዋል። የተተፋው ዳቦ ወደ አሸዋው ይወርድና ይበሰብሳል። ወደ ታች የሚያይ አልነበረም።

አንድ ቀን ድንጋዩ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ታየ።

«ቤቶች፣» አለ ነጥቡ። «መሽቶብኝ ነው፤ አሳድሩኝ።»

«ማን ልበል?» አለች እመት ሣር።

«አልጌ እባላለሁ። አረንጓዴ ነኝ፣ እንዳንቺው። ዘመድ ሳንሆን አንቀርም።»

«ቤት የእግዜር ነው። እደር፣» አለችው።

መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ አደረ። ቀጥሎ መስታወቱ ላይ አደረ። ከዚያ የእመት ሣር ቅጠል ላይ አደረ።

«እዚህ ድረስ እንኳ አልተባባልንም፣» አለች እመት ሣር።

«እግሬን ልዘርጋ ብዬ ነው፣» አለ አልጌ። እግር አልነበረውም፤ ግን ዘረጋ። ቅጠሎቿን ሁሉ ሸፈናቸው። እመት ሣር ብርሃን አጣች፣ ቅጠሏም ይጠወልግ ጀመር።

ወቅቱ የሁዳዴ ጾም መግቢያ ነበር። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየዓመቱ እንደሚነሣው ተነሥቷል፤ ክርክሩ ሳያልቅ ዓሣው ያልቅ ነበር። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ አንድ ሹፌር ገንዳው ፊት ቆመ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ይሄ የዓሣ ገንዳ ነው ወይስ የጎመን ድስት?»

ሰዉ ሳቀ። ወይዘሮ ትርንጎ አልሳቁም። ወጥ ቤት የምትሠራውን ሽብሬን ጠሩ።

«ለዳግማ ትንሣኤ የእህቴ ልጅ የሠርግ ምሳ እዚህ ነው። እስከዚያ ካልጠራ ይሄ ገንዳ ይደፋና የለስላሳ ማቀዝቀዣ ይሆናል።»

«ሣሩስ?» አለች ሽብሬ።

«ይጣላል።»

«ዓሦቹስ፣ እትዬ?»

ወይዘሮ ትርንጎ ወደ ወጥ ቤቱ በር አዩ። «ትንንሾች ናቸው፣» አሉ። ጥቂት አሰቡና «ለሾርባ ግን» ብለው ነገሩን በእንጥልጥል ተዉት።

አያ ቀዮ ሰማ። የቀረውን ራሱ ጨረሰው።

«ምን ይሻለናል?» አለ ወደ ታች ወርዶ።

«እኔ አለሁ፣» አለ አያ ቀንድ አውጣ። «እበላዋለሁ።»

ወደ አልጌው ሄደ። መድረሱ ጊዜ ወሰደ።

«ልበላህ መጣሁ።»

«ብላኝ፣ አያ። እኔ እንደሆንኩ ብዙ ነኝ።»

በላ። ከግራው ጥግ ጀምሮ እየበላ ቀኙ ጥግ ደረሰ። ዞር ሲል ግራው ጥግ አረንጓዴ ሆኗል። ተመልሶ በላ። ዞር ሲል ቀኙ ጥግ አረንጓዴ ሆኗል። ሦስተኛ ሲበላ ነገሩ ገባው። የሚበላ ሁሉ የሚያወጣው አለ፤ አያ ቀንድ አውጣም ያወጣ ነበር፤ አልጌው ደግሞ ያንኑ ይበላ ነበር።

«እኔ እሱን እበላለሁ፣ እሱ የእኔን ትራፊ ይበላል፣» አለ አያ ቀንድ አውጣ ለጓደኞቹ። «አብረን ማዕድ እየቆረስን ነው። ይቅርብኝ።»

በሁለተኛው ዙር ሽብሬ ብሩሽና ባልዲ ይዛ መጣች። ዓሦቹን ባልዲ ውስጥ ከተተች። ውሃውን አንድ ጠብታ ሳታስቀር ደፋች። እመት ሣርን ነቅላ አጠበችና መልሳ ተከለቻት። መስታወቱን ፈገፈገች፣ አሸዋውን አጠበች፣ ከቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ሞላች። ገንዳው አብረቀረቀ። ወይዘሮ ትርንጎም «ተባረኪ» አሏት።

ዓሦቹ ግን አዲሱ ውሃ አልስማማ ብሏቸው ጥቂት ቀን ታመሙ። እመት ሣር ሥሯ ተበጣጥሶ ጎንበስ አለች። ከድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ አልጌ ብቅ አለ።

«ሄዱ?» አለ።

እመት ሣር ታማ መብላት ስላቃታት፣ አሸዋው ላይ ከሚበሰብሰው ዳቦ የእሷንም ድርሻ እሱ በላው። ገንዳው ከበፊቱ የባሰ አረንጓዴ ሆነ።

በሦስተኛው ዙር እመት ሣር በተኛችበት አልጌን ጠራችው።

«እውነቱን ንገረኝ። በሉህ፣ አላለቅህም። ፈገፈጉህ፣ አልሄድህም። ማን ነው እዚህ የያዘህ?»

«እመት ሣር፣ እኔ እንኳ ካልፈለጉኝ ቤት አልቀመጥም፣» አለ አልጌ። «አያ መብራት ቀኑን ሙሉ ያበራልኛል። አያ ቀዮ ምሳዬን ከላይ ያወርድልኛል። እንዲህ አክብሮ የያዘኝ ቤት አይቼ አላውቅም። ብሄድ ይከፋቸዋል።»



«የማበራው ለእናንተ ነው፣» አለ አያ መብራት።

«ለእኔ እስከ ቀትር ይበቃኛል፣» አለች እመት ሣር። «የተረፈው ለእሱ ነው።»

«በቀትር ብጠፋ ተቃጥሏል ብለው ይጥሉኛል።»

«አይጥሉህም፣» አለ አያ ቀንድ አውጣ። «በዚህ ከተማ መብራት ሲጠፋ አምፖሉን የሚጠረጥር ሰው የለም።»

በማግስቱ ቀትር ላይ አያ መብራት ጠፋ። ወይዘሮ ትርንጎ ቀና ብለው አዩ።

«መብራት ሄደ፣» አሉ።

ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ ሬዲዮው ይዘፍናል፣ የወጥ ቤቱ አምፖል ቦግ ብሏል።

«ምን ይደረግ እንግዲህ፣» አለች ሽብሬ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ጠዋት ሲበራ «መጣ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቀትር ላይ ይሄዳል፣ በየጠዋቱ ይመጣል። ማንም ሌላ ጥያቄ አላነሣም።

አልጌ ትንሽ ከሳ። ግን አልሄደም። «ምሳዬ እንደሆነ አልተቋረጠም፣» አለ።

ሁሉም ወደ አያ ቀዮ ዞሩ።

«ጉርሻ እንቢ በል ነው የምትሉኝ?» አለ አያ ቀዮ። «ሰው እጁን ዘርግቶልኝ? ነውር ነው። እናቴ እንዲህ አድርጋ አላሳደገችኝም።»

«እናትህን የት ታውቃታለህ?» አለው አያ ቀንድ አውጣ።

«ባላውቃትም።»

«አንዱን ጉረስ፣» አለች እመት ሣር። «የሚበቃህ እሱ ነው። ከዚያ ከእኔ ጀርባ ግባ። የቀረችኝ ቅጠል ትደብቅሃለች።»

አያ ቀዮ አሰበ። ሾርባውንም አሰበ። በዚህ መሃል አቶ ደርሰህ መጡ።

አቶ ደርሰህ በማጉረስ የታወቁ ሰው ነበሩ። ሲያጎርሱ የጎራሹ ዓይን እንባ ካላቀረረ አጎረስኩ አይሉም። ምሳቸውን ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ዳቦ ይዘው ወደ ገንዳው ቀረቡ። የመጀመሪያውን ጣሉ። አያ ቀዮ ወጣ፣ ጎረሰ፣ ዋጠ።

«ጎበዝ፣» አሉ።

ሁለተኛውን ጣሉ። ጉርሻው ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። አያ ቀዮ ሊወጣ ብሎ መለስ አለ።

«ምን ሆንክ? እንካ እንጂ።»

ሦስተኛውን ጣሉ። ይህኛው ከሁለቱም ይበልጥ ነበር። አያ ቀዮ አልተነቃነቀም። አቶ ደርሰህ ጎንበስ ብለው አፋቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ።

«በሞቴ፣» አሉት።

አያ ቀዮ በሞቴ ተብሎ እንቢ ብሎ አያውቅም።  አፉ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ከጎኑ የእመት ሣር ቅጠል ነበረች፤ ከጫፏ ጠውልጋለች፣ ከግንዷ በኩል ገና አረንጓዴ ናት። አፉን ዘጋ። ከቅጠሏ ጀርባ ገባ።

አቶ ደርሰህ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ትርንጎ፣ ዓሣሽ ባለጌ ነው።»

«ምን አደረገ፣ ጋሼ?»

«በሞቴ አልኩት። ጀርባውን ሰጠኝ።»

ወይዘሮ ትርንጎ አፈሩ። በቤታቸው እንዲህ ያለ ነገር ተፈጽሞ አያውቅም። ጭልፋ አምጥተው የተንሳፈፈውን ዳቦ አወጡ፤ እንግዳው የተናቀበት ነገር ፊቱ ሲንሳፈፍ መቆየት የለበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦ ቆንጥሮ ወደ ገንዳው የሚጠጋ ሰው ሲያዩ ይነሡና «ተዉት፣ አይቀበልዎትም፤ ጠባዩ ተበላሽቷል» ይላሉ። ጠዋት ጠዋት እሳቸው አንድ ቁንጥር ይሰጡታል። እሱን አያ ቀዮ ሙልጭ አድርጎ ይበላል። ወይዘሮ ትርንጎም ይህን እንደ አክብሮት ቆጠሩለት።

አልጌ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።

«ዛሬ ምሳ የለም?» አለ።

«የለም፣» አለች እመት ሣር።

«ነገስ?»

«የለም።»

«አሸዋው ውስጥ የነበረውስ?»

«እሱን እኔ በልቼዋለሁ።» እውነቷን ነው። ከሥሯ አዲስ ቅጠል አውጥታ ነበር፤ ከአዲሱ ቅጠል ጎን ደግሞ ሴት ልጅ ብቅ ብላለች። ከልጅቷ ጎን ሌላ ልጅ። ሁሉም ይበላሉ።

አልጌ መጀመሪያ ከቅጠሉ ወረደ። ቀጥሎ ከመስታወቱ ወረደ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንግዲህ ልሂድ መሰለኝ፣» አለ።

ማንም እደር አላለውም።

የሠርጉ ዕለት ውሃው ጠርቶ፣ እመት ሣር ከነልጆቿ አሸዋውን ሸፍና ዋለች። ሙሽሮቹ ገንዳው ፊት ቆመው ፎቶ ተነሡ። ፎቶው ላይ ዓሣ አይታይም፤ የሠርገኛው ጉርሻ በዝቶ ስለነበር ሁሉም ከሣሩ ጀርባ ነበሩ። ወይዘሮ ትርንጎ ጭልፋቸውን እንደያዙ ዋሉ። ገንዳውን ስለ መድፋት ግን አላነሡም።

እሺ ስትሉ ለቆያችሁልኝ፣ የተረቱ ትምህርት ይህ ነው፤ ያልፈለጋችሁት እንግዳ አልሄድ ሲላችሁ፣ ከመግፋታችሁ በፊት ማን እንደሚያበላው ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚያበላው የቤቱ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም በደግነት ነው።

አልጌው አልሞተም። ከድንጋዩ ጀርባ ጥፍር አክሎ ይኖራል። አያ ቀዮም በከተማው ባለጌ ተብሎ ቀረ። ዕድሜው ግን ረዘመ።