የጥድ አምባ አራስ ቤት

በጥድ አምባ፣ ከገበያው ራስጌ የቆመውን ክብ የድንጋይ ቤት የከተማው ሰው ሁሉ «አራስ ቤት» ይለዋል። ዛሬ የሚወልድበት የለም፤ እናቶች ግን ልጃቸውን ክርስትና ባስነሡ ማግስት እዚያ ወስደው ለጎረቤት ገንፎ ሳያቀምሱ አይቀሩም። እንግዳ ሰው የድሮ ሐኪም ቤት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

እንደሚነገረው ቤቱን የሠሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ መንገደኛ የሚያድርበት ብለው፣ ድንጋዩን ከወንዝ በትከሻቸው ተሸክመው። ዘመን አልፎ ፊታውራሪ ደባልቄ የሚባል ሹም መጣና አዲስ ላገባት ለወይዘሮ ተዋቡ ያማረ አዳራሽ ሊሠራ ተነሣ። ከወንዝ ድንጋይ ማስመጣት ሰለቸውና «ይህ አሮጌ ቤት ይፍረስና ድንጋዩ ይምጣልኝ» አለ። ሽማግሌ ቢለምነው፣ ቄስ ቢያማልድ፣ ወይ ፍንክች!

በማፍረሻው ዕለት ዶማ የያዙት ሰዎች በሩ ላይ ሲደርሱ ከውስጥ እልልታው ቀለጠ። ለካ እንጉዳይ የምትባል ሴት ከገበያ ስትመለስ ምጥ ይዟት እዚያው ተገላግላ ኖሯል። አዋላጇ እማማ ዘርትሁን ብቅ ብለው፣ «ምነው ልጆቼ፣ አራስ ካለችበት በዶማ? በሉ ጣሉና ገንፎ ቅመሱ!» አሉ። አራስ ያለችበትን ቤት የሚያፈርስ ወንድ በጥድ አምባ አልተወለደምና፣ ሰዎቹ ዶማቸውን ጥለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ገቡ፣ ከንፈራቸውን እየላሱ ወጡ።

ፊታውራሪው «እሺ፣ እስክትነሣ እጠብቃለሁ» አለ። ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እንጉዳይ ሳትነሣ ሌላዋ ነፍሰ ጡር ገባች፤ እሷ ሳትወጣ ሌላ። የአገሩ ሴቶች ተራ ገቡ ይባላል፤ እንዲያውም በዚያ ዓመት ባሎቻቸው በሬ የሚፈቱት በጊዜ ነበር እያሉ የሚያሾፉ አሉ። ወንዶቹም ቢሆኑ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ አራስ ዝናብ እንዳያገኛት ጣራውን በአዲስ ሣር ከደኑ፣ ብርድ እንዳይገባባት ግድግዳውን መረጉ። ሊፈርስ ቀን የተቆረጠለት ቤት ከሹሙ ቤት ይበልጥ አማረ።

ኋላ ግን ተራው አለቀ። የመጨረሻዋ አራስ ልጇን ታቅፋ ወጣች፤ የምትተካት ጠፋች። ከተማው አንገቱን ደፋ፣ እማማ ዘርትሁን እንኳ አለቀሱ ይባላል። ፊታውራሪው ማልዶ ወጥቶ ሰው ሲሰበስብ አረፈደና፣ ዶማ ያዦቹን አስከትሎ በሩ ላይ ቢደርስ፣ እልልታ!

«ደግሞ ዛሬ ማን ወለደች?» ብሎ ጮኸ።

«የእርስዎው ባለቤት ናት ጌታዬ» አሉ እማማ ዘርትሁን። «ያውም ወንድ!»

ወይዘሮ ተዋቡ መደቡ ላይ እንደተኛች፣ «ድንጋዩን ለእኔ ቤት መሥሪያ ፈልገውት አልነበር? ይኸው፣ እኔው መጣሁበት» አለችው።

ፊታውራሪው ልጁን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ አዲሱን ጣራ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ በደስታ እንባው ዱብ ዱብ እያለ «ገንፎ ተርፏል?» አለ ይባላል።

ዛሬም ዶማ የተሸከመ ገበሬ በዚያ በር ሲያልፍ ዶማውን ከትከሻው አውርዶ፣ ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቀ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ያልፋል።