የወይዘሮ ላቀች ጉልበት

በአንድ ወቅት፣ ሰምታችሁ ትፈርዱ እንደሁ ልንገራችሁ፣ ወይዘሮ ላቀች የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። በልጃቸው በደምሰው ሰርግ ዕለት ሙሽራይቱ የዝና እንደ ወጉ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ሰብስበው ጭንቅላቷን በእጃቸው ገፉት። በድንኳኑ ውስጥ «ምራቷን ጠላቻት» ተባለ።

አልጠሏትም። ጉልበታቸው አብጦ ሲነካ ነፍሳቸው ልትወጣ ትደርስ ነበር። ይህን ለመናገር ደግሞ አፈሩ። በአገሩ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ «ሪህ» ነው፤ ሪህ ደግሞ ሥጋና መጠጥ የሚወድ ሰው በሽታ ነው ይባላል። «ባሏን ቀብራ፣ በሯን ዘግታ ጮማ ትቆርጣለች» እንዳይባሉ ሥጋ እርም ብለው፣ ሕመሙን ዋጥ አድርገው ተቀመጡ። የዝናን ባዩ ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው ይመርጡ ነበር።

ነገሩን ቀድማ ያወቀችው ራሷ የዝና ናት። ምሰሶ ተደግፈው ሲነሱ አየቻቸው። ምንም ሳትጠይቅ በየጠዋቱ ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከረች ጉልበታቸው ላይ ታደርግ ጀመር። ገበያ ላይ «አማቷ የገፋቻት» ሲሏትም ገመናቸውን አላወጣችም። እሷ ዝም ስትል ግን ጊዜው ሄደ፤ ሕመሙም ባሰ።

ደምሰው አንድ ቀን እናቱ ሲያቃስቱ ሰማ። እሱ ሆዱ ምስጢር አይችልም። ጎረቤት በተሰበሰበበት «እማዬ ጉልበቷን ታማለች፤ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ» ብሎ ለፈፈ። ወይዘሮ ላቀች ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ሄዱ። ሐኪሙ መርምሮ፣ «ሪህ አይደለም» አላቸው። «ሪህ ድንገት ነው የሚነሳው፤ ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣት ላይ ያብጣል፣ ያቃጥላል። ሰውነት የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበትም አለ፤ እሱ ጠዋት ጠዋት የሁለቱንም እጅ ጣቶች ያደርቃል። የእርስዎ፣ እናቴ፣ በአጥንትና በአጥንት መሀል ያለው ልስልሱ ነገር ሳስቶ ነው። ሥጋ አላመጣብዎትም።» የሚቀባ መድኃኒት ሰጣቸውና፣ «መቀመጥ ያባብሰዋል፤ ቀስ እያሉ ይራመዱ» አለ።

ማን ያራምዳቸው? ሴት ልጃቸው ትርንጎ። ትርንጎን እንባ አያራራትም። «ተነሽ እማዬ» ትላለች፤ እሳቸው ያለቅሳሉ፤ እሷ ክንዳቸውን ይዛ እስከ ወንዙ ታደርሳቸዋለች። አንድ ቀን አምርረው ረገሟት። በማግስቱም መጣች። ክረምቱ ሲወጣ ያለ ምሰሶ ተነሱ።

በመስቀል ሰርጉን ያየው ሰው ሁሉ ግቢያቸው ተሰበሰበ። በዚያ ቤት ወግ እናት ስሙን ጠርታ ቀድሞ ጉልበቷን ያሳመችው ልጅ ትልቁን ምርቃት ይወስዳል። ወይዘሮ ላቀች ጉልበታቸውን ገለጥ አድርገው ተቀመጡ።

«እኔ ባልወስድሽ የበሽታሽ ስም አይታወቅም ነበር» አለ ደምሰው።

«እኔ ባልጎትትሽ ያ መድኃኒት ምን ሊፈይድ?» አለች ትርንጎ።

የዝና ግን ከእጃቸው ራቅ ብላ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ያንን ሲያዩ የሰርጉ ዕለት እፍረት እንደ አዲስ ፊታቸውን አቃጠለው። የዝናን ቢያስቀድሙ «ካሣ እንጂ ምርቃት አይደለም» ሊባል ነው። ልጆቻቸውን ቢያስቀድሙ ደግሞ በሰው ፊት ሁለተኛ ሊገፏት ነው። ሰዉ ይጠብቃል፤ እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ስም መጥራት አቃታቸው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ያ ጉልበት ቀድሞ መሳም ያለበት በማን ነው?